ከእማማ እንወይ እጅ

ከዚያ ሁሉ ስም መካከል ለምን የእሳቸውን መረጥሁ?

የሞተ ሰው መጥራት እችል ነበር፤ መቃብር ሄዶ የሚጎትት አልነበረም። በከተማው አልፎ የሄደ፣ ዳግም የማይመለስ ነጋዴ መጥራት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። ጭሱ ቢያስለኝ፣ ቢያስለቅሰኝ እንጂ አይገድለኝም፤ ይህን በዚያች ሰዓትም አውቅ ነበር። አልቃዠሁም፤ ሌላ መንፈስም በአፌ አልተናገረም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አእምሮዬ እንደ ዛሬው ደኅና ነበር። አሁን ጸጉሬ ሸብቷል፤ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ መልሱን አንዱም ላይ አላገኘሁትም።

እማማ እንወይ መሞታቸውን የሰማሁት ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ነው። ከግሽ ዓባይ ጠበል የምትመለስ አንዲት ሴት ውኃ ለመነችኝና ቁጭ ብላ ታወራኝ ጀመር። ስለ መንገዱ ጭቃ ተናገረች፤ ስለ እግሯ ቁስል ተናገረች፤ ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ያቺ ከቡሬ የመጣችው ሸክላ ሠሪም ሞታለች፤ አርባዋ ደርሷል» አለች።

«የቷ ሸክላ ሠሪ?»

«እንወይ የሚሏት። ሰው በልታ ነው አሉ ከቡሬ የተባረረችው። እግዜር ይማራትና፣ እኛን እንኳ አንድ ቀን አልነካችንም።»

ጣሳውን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ንዴቴ እስኪበርድ ምሰሶውን ይዤ ቆምሁ። «እኛን እንኳ አልነካችንም!» ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያበላ የኖረ ሰው በሞተ ጊዜ የሚሰጠው ምስጋና ይህ ነው። በሴትዮዋ ላይ ግን መናደድ አልቻልሁም። ያንን ወሬ ከቡሬ አንሥቶ እስከ ግሽ ዓባይ የላከው ሰው ማን እንደ ሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እማማ እንወይን ከተማው «አንቺ» ይላቸው ነበር። ጥርሱ ያልወለቀ ሕፃን ሳይቀር «አንቺ ሸክላ ሠሪ» ይላቸዋል። እኔ «እሳቸው» እያልሁ የምጽፈው ዛሬ ተምሬ ሰው ስለ ሆንሁ አይደለም፤ ያኔም እንዲሁ እላቸው ነበር፤ ያውም ሳላስበው ነው የጀመርሁት።

እናቴ ድስት እንድገዛ ወደ ገል ሜዳ ላከችኝ። ገል ሜዳ ከቡሬ ቁልቁል ያለ የሸክላ ሠሪዎች፣ የሸማኔዎችና የቀጥቃጮች ሰፈር ነበር። ስሙን ያወጣነው እኛ የላይ ሰፈር ሰዎች ነን፤ መሬቱ በሸክላ ስባሪ የተሞላ ስለ ነበር። ደጅ ስደርስ እናቴ ጠራችኝ።

«ሙሉ! ድስቱን መሬት ስታስቀምጠው ነው የምታነሺው። ከእጇ እንዳትቀበይ። ውኃ ብትሰጥሽ እንዳትጠጪ። ዓይኗንም እንዳታዪ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው ድስቱን የምመርጠው?»

«ምላስሽን ሰብስቢ!»

ወረድሁ። አጭር፣ ቀጭን ሴት፣ እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው ጎንበስ ብለው ይሠራሉ።

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ?» አልሁ።

ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ። ማንም የለም።

«ማንን ነው?»

«አንቱን።»

«እኔን?» በክንዳቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ኧረ ይታይሽ፣ ነይ ስሚ! እናትሽ አንቱ ሆነችልሽ!»

ልጃቸው ይታይሽ ወጣች። እኩያዬ ናት። እሷ አልሳቀችም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

እማማ እንወይ አንዱን ድስት አነሡ፤ በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረጉት፤ ጆሯቸውን አስጠጉና፣ «ይህ ይዋሻል» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። ሌላውን አንኳኩ። «ይህ እውነቱን ነው። ይህን ውሰጂ።»

«ምን ብሎ ነው የዋሸው?»

«ተሰንጥቆ ደኅና ነኝ ይላል። ለዓይን ምንም አይታይ። ድምፁን ግን ስሚው።» አንኳኩልኝ፤ ሰማሁት። ታፍኗል።

ይህ ጠባያቸው ነበር። ሁሉን ነገር ያንኳኳሉ፤ ቅሉን፣ የበሩን መቃን፣ የበሬ ቀንድ። ሰው ጉራ ሲነዛ መሬቱን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ዝም ይላሉ። ሰፈሩ በሳቅ ይፈርሳል፤ ጉረኛው ግን ምን እንዳሳቀ አይገባውም።

ድስቱን ከእጃቸው ተቀበልሁ።

በቡሬ ከእማማ እንወይ ድስት ያልበላ ሰው አልነበረም። የሰርጉ ጠላ የሚጠመቀው በእሳቸው ጋን ነው፤ የክርስትናው ወጥ የሚሠራው በእሳቸው ድስት ነው፤ ያራሷ ገንፎ የሚቀርበው በእሳቸው ጣባ ነው። ከዚያው እጅ ግን አንድ ጉርሻ የሚቀበል አልነበረም። ድስቱን ያበጀው እጅ ደግ፣ ድስቱ ውስጥ ያለውን የሠራ ጊዜ ሰው በላ! ይህን ማን እንደ ደነገገው ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ። የተማረውም ያልተማረውም «የአባት ነው» ይለኛል። የአባት ከሆነ አባቶቻችን ማፈር አያውቁም ነበር ማለት ነው።

ጣልያን ቡሬ ገብቶ ምሽጉን ሲሠራ ገበያውን ከነበረበት አንሥቶ ምሽጉ ሥር አደረገው፤ ሰው ሲሰበሰብ ከላይ ሆኖ እንዲያየው። ለእኛ ለላይ ሰፈሮች ገበያው ደጃችን መጣልን፤ አባቴም ሱቁን ወደዚያው አዛወረ። ገል ሜዳ ግን ሞተ። እንስራ ተሸክመው ዳገቱን የወጡትን ሴቶች አስካሪዎቹ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ ኬላው ላይ ያስቆሟቸዋል፤ ጥይት ደብቃችኋል እያሉ እንስራውን በሰደፍ ይፈትሹታል። በሰደፍ የተፈተሸ እንስራ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቀጥቃጮቹ ጦር ትሠራላችሁ ተብለው ተበተኑ። ሸማኔዎቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ገሚሱ ወደ ደምበጫ፣ ገሚሱ ወደ ገጠር ሄዱ። ዙሪያውን የነበረው ዛፍ ለምሽጉና ለመንገዱ ሥራ ስለ ተቆረጠ ማገዶም ጠፋ።

አንድ ቀን የጣልያኑ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ወርዶ ሰፈሩን ዞሮ አየ። አስተርጓሚው ጮኾ ተናገረ፤ ጭስ የማይወጣበት ቤት ባዶ ነው፤ ባዶ ቤት ይፈርሳል፤ እንጨቱ ለመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ይወሰዳል። ሹሙ በገበያ ቀን እየመጣ ያያል። በዚያን ቀን ጭስ የነበረባቸው ቤቶች ሰባት ናቸው።

ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ እማማ እንወይ መሬቱን ኳ ኳ አደረጉ።

«ጭስ ነው አይደል የፈለገው? ጭስ መስጠት እንኳ የእኛ ሥራ ነው።»

ሸክላ የሚተኮሰው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በኩበትና በገለባ። እሳቱ ካበቃ በኋላ አመዱ እንደ ጋለ ያድራል። ይህን ሙቀት እማማ እንወይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲባክን አይተውት ኖረዋል። አሁን የቀሩትን ሴቶች ጠሩና በየድስታችሁ ያላችሁን አምጡ አሏቸው። ያላት ባቄላ፣ ያላት አተር፣ የሌላት ጎመን አመጣች። ክዳኑ በጭቃ ተመርጎ ድስቱ ሁሉ በገበያ ዋዜማ አመዱ ውስጥ ተቀበረ። መካከል ላይ የእማማ እንወይ ትልቅ ጋን ተቀመጠ፤ እያንዳንዷ ሴት ከራሷ ድስት በፊት አንዳንድ እፍኝ ጋኑ ውስጥ ጨመረች። የየድስቱ ለየቤቱ ነው። የጋኑ ለመጣ ሰው ሁሉ ነው።

ክፍያው አንድ ነበር። ከጋኑ የበላ ሰው በገል ፍም ይዞ ከተዘጉት ቤቶች አንዱ ውስጥ ይገባል፤ ምድጃው ላይ እሳት ያነድዳል፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ምንም አይጠየቅም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጋኑ ሲከፈት ከሰፈሩ ሰው በቀር የመጣ አልነበረም። የባቄላው ሽታ ዳገቱን ወጥቶ ምሽጉ ድረስ ደርሷል፤ ሰው ግን እያሸተተ ያልፋል። በመጨረሻ ከፈረስ ቤት ከተማ በቅሎ ጭኖ የመጣ አንድ ረጅም ሰውዬ ቆመ። እኔ ከአጥሩ ሥር ተሸሽጌ አያለሁ።

«አንቺ፣ የሚሸጥ ነው?»

«አይሸጥም። ይበላል።»

«ሰው በላ ነሽ ይሉሻል።»

«ይላሉ።»

ሰውዬው ሆዱን ደባበሰ። «ሦስት ቀን በሶ ብቻ ነው የበላሁት። ብትበይኝም አጥንት ነው የምታገኚው።»

«ግድ የለም፣ ከአጥንትም መረቅ ይወጣል» አሉት፤ ጣባውን ሞልተው።

ሰውዬው ሳቁ እስኪያንቀው ሳቀና ቁጭ ብሎ በላ። ከዚያ ፍሙን በገል ይዞ፣ እጁን እየቀያየረ፣ «ኧረ አቃጠለኝ! አንቺ ሴት፣ ሰውን የምትበይው ጠብሰሽ ነው ለካ!» እያለ የአንድ ሸማኔ ባዶ ቤት ገብቶ እሳት አነደደ። ጭሱ በሣሩ ክዳን መካከል ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ።

ሰው መምጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴ ለነጋዴ ነገረ። በሚቀጥለው ገበያ ጭስ ያለበት ቤት አሥራ አምስት ሆነ። በዘመኑ የጠገበ ሰው አልነበረም፤ ገጠሩ ይቃጠላል፣ እህል ይነጠቃል። ከገጠር የመጣ ሰው ገል ሜዳ በልቶ፣ እዚያው እህሉን በጨው ለውጦ መሄድ ጀመረ። ሸማኔ የሆነው አያ ጌትዬ የጭሱን ወሬ ሰምቶ ከደምበጫ ተመለሰና ቤቱን ከፈተ። ሌሎችም ተከተሉት። ጠላ ሻጮች ወረዱ። የላይ ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ መጡ፤ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ይበሉ ነበር። ጎረቤታችን እመት ውባለም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው «ለታመመ ልጅ ነው» እያሉ ጣባ ያስሞላሉ። ልጅ አልነበራቸውም። እማማ እንወይ ጣባውን እየሞሉ፣ «ምሕረቱን ይላክለት» ይላሉ፤ በሌላው እጃቸው መሬቱን በቀስታ ኳ ኳ ያደርጋሉ። የጣልያኑ ሹምም ይመጣል፤ ጣራ ጣራውን ያያል፤ ይሄዳል።

እኔ በየገበያው ቀን ከአባቴ ሱቅ እየሸሸሁ እወርድ ነበር። ሥራዬ ክዳን ነው። ድስቱ ሁሉ ሲወጣ አመድ ለብሶ አንድ ስለሚሆን እማማ እንወይ የየባለቤቱን ምልክት በምስማር ክዳኑ ላይ ይጭሩ ነበር፤ አንዷ ሁለት ሰረዝ፣ አንዷ የዶሮ እግር፣ አንዷ መስቀል። ሁሉንም በልቤ ያዝሁ፤ አንድ አልሳሳትም። ትምህርት ቤት የገባሁት ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ጡት ካወጣሁ በኋላ፣ ከሕፃናት ጋር ተደርድሬ ነው። ማንበብ የጀመርሁት ግን ገል ሜዳ፣ አመድ ላይ ነው።

አንድ ቀን የላይ ሰፈር ልጃገረዶች መጡ። በክዳኑ ላይ ያለኝን ሥልጣን ላሳያቸው ፈለግሁና ሰዓቱ ሳይደርስ አንዱን ክዳን ከፈትሁ። እንፋሎቱ ወጣ፤ ልጃገረዶቹ ተገረሙ፤ እኔ ኮራሁ። ምልክቱ የዶሮ እግር ነበር፤ ያ ድስት የአንዲት መበለትና የአራት ልጆቿ ነው። ክዳኑ ከተነካ ሙቀቱ አይመለስም፤ ባቄላው እንደ ጠጠር ቀረ።

እማማ እንወይ በሰው ፊት ተቆጡኝ። «የሰው ምሳ ነው የያዝሽው! መጫወቻ አይደለም። የሚመጣው ገበያ ክዳን እንዳትነኪ።» ከዚያ የራሳቸውን ድስት ለመበለቲቱ ሰጡና እሳቸውና ይታይሽ ያንን ጥሬ ባቄላ ሲቆረጥሙ ዋሉ። እኔ እንደ ተዋረድሁ ነው የቆጠርሁት። ይህንን የማነሣው ምክንያት ይሆን እያልሁ ነው። ይሆን? በዚያ ቂም ይሆን?

በዚያው ሰሞን አባቴ እህል ለመጫን ወደ ብር ሸለቆ ሲወርድ ይዞኝ ሄደ። ከሸለቆው የተመለሰ ሁሉ ይታመማል፤ እኔም ታመምሁ፤ ከአባቴ ሠራተኞችም ሁለቱ እንደ እኔው እየተንቀጠቀጡ ተኙ። ወባ ነው። ወባ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሠራተኞቹን «ሸለቆው ያዛቸው» አሉ። እኔን ግን እመት ውባለም ሊጠይቁኝ መጡና፣ «ገል ሜዳ ስትበላ አይቻታለሁ፤ በዓይኔ በብረቱ» አሉ። ከየት ሆነው እንዳዩኝ የጠየቃቸው የለም።

እናቴ ደብተራ አስጠራች። እኩለ ቀን ነበር። ያ ትኩሳት አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ያርፋል፤ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ደክሞኛል፣ ጠምቶኛል፣ ግን ደኅና ነኝ። ደብተራው በሩን አስዘግቶ አሮጌ ጨርቅና የማላውቀውን ቅጠል ፍም ላይ ጨመረ፤ ጋቢ ደርበውብኝ ጭሱን አፍንጫዬ ሥር አደረጉት።

«ለፍልፊ! ማን ነው የበላሽ?»

ሳልሁ። ውኃ አልሁ። «ውኃ የሚጠይቀው እሱ ነው፣ የያዛት ነው፤ እንዳትሰጧት!» አለ ደብተራው። ጭሱ ተጨመረ።

«ስሙን ጥሪ! ማን ነው?»

እናቴ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅስ ነበር። «ልጄ፣ ንገሪያቸው፣ እባክሽ ንገሪያቸው» ትላለች። ዓይኗን አየሁት። የትኛውን ስም እንደምትጠብቅ አወቅሁ። ለመከራው ማብቂያ አንድ ቃል ብቻ እንደሚበቃ አወቅሁ።

«እንወይ» አልሁ።

«አንቱ» እንኳ አላልሁም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ስማቸውን ጠራሁ።

አራት ወንዶች ወጡ። አገሩን የያዘውን ጠላት ከምሽጉ ጎትተው ማውጣት ያቃታቸው አራት ወንዶች ወደ ገል ሜዳ ወርደው አንዲት ሚስኪን ባልቴት ጎትተው አመጡ። ከእነሱ አንዱ ጣልያን ከወጣ በኋላ ስለ ጀግንነቱ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ያንን ቀን ግን ሲያወራ አልሰማሁትም።

እማማ እንወይ እጃቸው ጭቃ እንደ ሆነ ገቡ። ነጠላቸው ተቀዷል።

«እንትፍ በይባትና ልቀቂያት!» አለ ደብተራው።

«ምን አድርጌያት?»

«በልተሻታል!»

«እኔ አብልቻታለሁ» አሉ።

«ከካድሽ ጭሱ ይጨመራል። ብትሞት በአንቺ ነው።»

ደብተራው ጭሱን ጨመረ፤ ከሳሉ የተነሣ ትንፋሽ አጠረኝ። እማማ እንወይ አዩኝ። እንትፍ ካሉ በልቻታለሁ ማለት ነው፤ የገል ሜዳ ጋን በዚያው ይዘጋል፤ ቤቶቹም ይፈርሳሉ። ይህን በዚያ ቤት ከነበረው ሰው ሁሉ የበለጠ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። እንትፍ ካላሉ ደግሞ ጭሱ አይቆምም። አልጋዬ አጠገብ መጥተው ጎንበስ አሉ። በጭቃማ ጣታቸው አንጓ ግንባሬን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረጉት፤ ጆሯቸውን አስጠጉ።

ሌላው ሰው አስማት ነው ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ግን ምን እንደ ሰሙ አውቃለሁ።

ቀና አሉ። «መጀመሪያ ጭሱን አውጡ» አሉ። «ውኃም ስጧት። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ አታዩም?»

ፍሙ ወጣ። እናቴ ውኃ አመጣች። እማማ እንወይ ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ምራቅ የሌለው፣ ደረቅ «እንትፍ» አሉብኝና ዞሩ። ዳግም ሳያዩኝ ወጡ።

ወባው ጊዜውን ጨርሶ ለቀቀኝ፤ ሁለቱን ሠራተኞችም እንዲሁ ለቀቃቸው። የእነሱን መዳን ማንም አላነሣውም። የእኔ መዳን ግን ምስክር ሆነባቸው። «እንትፍ ስትልባት ነው የተነሣችው» ተባለ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ልጄን ከአፏ አስጣልኋት» እያለች ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ መጽሐፌን ገልጬ ዝም እል ነበር። ዝም ማለት ጨዋነት ይመስላቸዋል።

በሚቀጥለው ገበያ ጋኑ ተከፈተ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ነጋዴው ወደ ምሽጉ ሥር ተመለሰ። ጠላ ሻጮቹ ወጡ። አያ ጌትዬ ዕቃውን ዳግም ተሸከመ። በሦስተኛው ገበያ የሰፈሩ ሴቶች ሳይቀሩ ድስታቸውን ከእማማ እንወይ አመድ አሸሹ። የጣልያኑ ሹም ወረደ፤ ጣራ ጣራውን አየ። በሳምንቱ ማፍረስ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው የእሳቸው ቤት ነበር።

ገል ሜዳን ማን አፈረሰው ቢሉ ቡሬ ሁሉ «ጣልያን» ይላል። ጣልያን እንጨቱን ነው የወሰደው። እንጨቱም ቢሆን ሁሉም ለመንገዱ አልዋለም። የአባቴ ሱቅ በረንዳ አዲስ ምሰሶ ቆመለት፤ በወገብ ቁመት ላይ የደረቀ ጭቃ አለበት፤ የአምስት ጣት ምልክት። እማማ እንወይ ደገፍ ብለው ሲነሡ የሚይዙት ምሰሶ ነው፤ አወቅሁት። አባቴን «ከየት አመጣኸው?» አላልሁትም።

እማማ እንወይ የሄዱ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ጋኑን በጀርባቸው አዝለዋል፤ ይታይሽ የቀረውን ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

«ተሻለሽ?» አሉኝ።

«ተሽሎኛል።»

«እሰይ» ብለው አለፉ። ይታይሽ ግን እየዞረች እያየችኝ ነው የሄደችው።

እንግዲህ ያቺ የጠበል ተመላሽ አርባቸው ደርሷል ባለችኝ ማግሥት ስንቄን ቋጥሬ ተነሣሁ። ግሽ ዓባይ አካባቢ፣ ከመንደሩ ወጣ ያለች አንዲት ጎጆ ደጅ ዳስ ተጥሏል። ይታይሽ እንደ እኔው ሸብታለች። ዳሱ ውስጥ አግዳሚው ባዶ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ከዳሱ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ በየጨርቃቸው የየራሳቸውን ዳቦ ይዘው መጥተዋል። ቄሶቹ ፍትሐቱን አድርሰው ድርሻቸውን በጥሬ እህል ወስደው ሄደዋል። ጓሮ አመዱ ተገልጦ፣ ያ ጋን ተከፍቶ ይተናል። የሚበላ ሰው የለም።

ይታይሽ አወቀችኝ። ጣባ ሞልታ ሰጠችኝ። ተቀበልሁና ቆሜ ነገርኋት፤ ያን ቀን እንዳልቃዠሁ፣ ነቅቼ እንደ ነበር፣ የፈለግሁትን ስም መጥራት እችል እንደ ነበር፣ ለምን የእናቷን እንደ ጠራሁ ዛሬም እንደማላውቅ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።  

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «እኔ እናቴ እንዳልበላችሽ አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ። ለእነዚያ ንገሪ።» በአገጯ ወደ ዛፉ አመለከተችኝ።

ጣባውን እንደ ያዝሁ ወጣሁ። ፊታቸው ቆሜ፣ «በቡሬ እንወይ በላቻት የተባለችው ልጅ እኔ ነኝ» አልኋቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሸለቆውን፣ ወባውን፣ ጭሱን፣ ውሸቴን።  ስጨርስ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መልካም ብለሻል፣ እመት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እሷ ካልበላችሽ፣ እንትፍ ስትልብሽ እንዴት ዳንሽ?»

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄው የሁሉም ነበር።

«ጭሱን አውጡ አሉ፤ ወጣ። ውኃ ስጧት አሉ፤ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ወባውም ጊዜውን ጨርሶ ሄደ» አልኋቸው። «ሌላ ምንም የለም።»

 ወደ ጣባው እጁን የዘረጋ የለም። መካከላቸው ቁጭ አልሁና፣ እያዩኝ፣ ጣባውን እስከ መጨረሻው በላሁ። ባቄላው በስሎ ነበር። ክዳኑን ያለ ሰዓቱ የነካው ሰው አልነበረም።